የጭጋግ ዲግሪ ለቀጨሞ ሜዳ

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በምንጭ አምባ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የዲግሪ ፕሮግራም የሚከፈተው ማክሰኞ ማክሰኞ ነበር፤ የሚዘጋው ደግሞ ዓርብ። ማክሰኞ ጠዋት ዋናው በር ላይ የሳምንቱ ፕሮግራሞች ስም በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ቆመው ይሰማሉ። የጥላ አስተዳደር፣ አሥራ አራት ወር። የቤት ውስጥ አየር አማካሪነት፣ ዘጠኝ ወር። የአረጋውያን ጨዋታ ዝግጅት፣ ስድስት ወር ከሁለት ሳምንት። ዲግሪ ሁሉ የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ቀኑም ኮሌታ ላይ ይለጠፋል። ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥለው «ስንት ወር ቀረህ?» ይባባላሉ። ያለቀበት ሰው «አሳድሳለሁ፣ እግዜር ካለ» ይላል፤ ያላለቀበት ዝም ብሎ ኮሌታውን ያስተካክላል።

እኔ ኮሌታዬ ላይ ምንም የለም። ሥራዬ ራሱ እንዲኖር አይፈቅድም። የዩኒቨርሲቲው ደንብ እንዲህ ይላል፦ አንድ ፕሮግራም ከመጽደቁ በፊት፣ ኮሌጅ ገብቶ ተምሮ የማያውቅ አንድ የአካባቢው ሰው ረቂቁ ሲነበብ ይሰማል፤ የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል፤ ከዚያ «ሰምቻለሁ» ብሎ ይፈርማል። መልሶ መናገሩ ከሽምግልና ወግ የተወሰደ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ የከሳሹን ቃል ደግሞ ለራሱ ለከሳሹ ካላሰማ ፍርድ አይሰጥም። የዚህ ሥራ ስሙ አድማጭ ነው፤ እኔም አሥራ አራት ዓመት አድማጭ ሆኛለሁ። ፊደል የለየሁት በዳዊት ነው። የቀረውን፣ ፕሮግራም ሲዘጋ ከሚጣሉት መጻሕፍት እየለቀምሁ አነበብሁ፤ እነሱም ብዙ ነበሩ።

ረቂቁን የሚጽፈው ጠያቂው ነው። ጠያቂው ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው። በየቀኑ ረፋዱ ላይ በየቤቱ በተተከለ ድምፅ ማጉያ ይናገራል፤ ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ የተረጋጋ፣ ሰላምታ የማያስቀር። ስለ ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል፣ ከዚያ አንድ ነገር ያነሣል፦ «እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው ቢመጣላችሁ ያስፈልጋችኋል?» የሰዉን መልስ ሲደምር ይቆይና፣ ሲበቃው ሥርዓተ ትምህርቱን ከነኮርሶቹ ጽፎ ለትምህርት ክፍሉ ይልካል። የመምህራኑ ድርሻ ማረም፣ መፈረምና ማስተማር ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ ስድስት መቶ አርባ ፕሮግራም ከፍተናል።

ያን ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ወደ ክፍሌ የገባችው ዶክተር ማዕዶት ናት፤ የገጠር ልማት ትምህርት ክፍል ኃላፊ። አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ፈጣን ሴት ናት፤ ወንበር ላይ እንኳ የምትቀመጠው ጫፉ ላይ ነው።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ ዛሬ ቶሎ ይስሙልኝ። ዓርብ ሴኔት አለ።»

«ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«የጭጋግ ውሃ አሰባሰብ። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሦስት ዓመት።»

የሦስት ዓመት ፕሮግራም ካየሁ ቆይቻለሁ። «ለየትኛው አገር ነው?» አልኋት።

«ለቀጨሞ ሜዳ።»

«ቀጨሞ ሜዳ ቆላ አይደል እንዴ?»

«ቆላ ነው። ግን ዘጠና ስምንት በመቶው ያስፈልገናል ብሏል።» ረቂቁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። «ይስሙኝ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ዘንድሮ ሁለት ረቂቅ ወድቆብኛል። ይህ ሦስተኛው ረቂቅ ዓርብ ዕለት ካላለፈ ትምህርት ክፍሉ ይዘጋል። አሥራ አንድ መምህር አለኝ። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት።»

ይህ ደንብ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ዓመት የታሪክ ትምህርት ክፍል በዚሁ መንገድ ሲዘጋ፣ መምህራኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቁልፋቸውን አስረክበው ወጡ። ማክሰኞ ዕለት ክፍሉ ውስጥ የጥላ አስተዳደር ይሰጥ ነበር።

ረቂቁን አነበበችልኝ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ስትጨርስ እንደ ልማዴ መልሼ ተናገርሁ።

«ሁለት መቶ አርባ ልጆች ሦስት ዓመት መረብ መዘርጋት ይማራሉ። ሲመረቁ ቀጨሞ ሜዳ ወርደው መረብ ይዘረጋሉ። ከዚያ ጭጋግ ይጠብቃሉ።»

«በቃ፣ ሰምተዋል። ይፈርሙልኝ።»

«የሰዎቹን ድምፅ ደግሞ ልስማ።»

አድማጭ ከጠያቂው የድምፅ ቅጂዎች አሥሩን መርጦ መስማት ይችላል፤ መብት ነው፣ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ በፊት ተጠቅሜበት አላውቅም ነበር። እንደዚህ ያለ ረቂቅ መጥቶልኝ ስለማያውቅ ነው ብል ራሴን መሸንገል ይሆናል። አልጠየቅሁም፤ በቃ።

«ከሰዓት በኋላ ነይ» አልኋት።

እያንዳንዱ ቅጂ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ጠያቂው ሰላም ይላል፣ ይጠይቃል፣ «አዎ» ይባላል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ለእሱ ነገሩ «አዎ» ላይ ያበቃል። ቅጂው ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ሰኮንድ ያህል ይቀጥላል። ያንን ጭራ የሚሰማው የለም። እኔ ሬዲዮም ስሰማ እስኪዘጋ ነው የምሰማው፤ አመሌ ነው።

የመጀመሪያው ቅጂ ላይ አንዲት ሴት «አዎ፣ ምን ይከፋል» አሉ። ቀጥሎ የወንበር ድምፅ፣ ቀጥሎ «ተቀመጡ፣ ሄዷል» የሚል ሌላ ድምፅ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሰው «ደግ ነው፣ እግዜር ያክብርልን» ይላል። በጭራው ሚስቱ ትመስለኛለች፣ «ጭጋግ ደግሞ ለምናችን ነው?» ስትለው፣ «አንቺ ደግሞ፤ ሰውየው ደክሞ ነው የጠየቀን» ብሎ ይመልሳል። አራተኛው ላይ ሳቅ አለ። ሰባተኛው ላይ አንዲት ምራት «አይ አይባልም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አማቷ «ለእንግዳ?» አሏት። ቀጥሎ ማሰሮ ሲከደን ይሰማል።

ዶክተር ማዕዶት ተመልሳ ስትመጣ አሥሩንም አሰማኋት። ቆማ ጀመረች። ሰባተኛው ላይ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አሳረፈች።

«ካልፈረሙልኝ አሥራ ሁለት ሰው ነው ሥራ የሚፈታው» አለች በመጨረሻ።

«ከፈረምሁ ሁለት መቶ አርባ ሰው ነው ጭጋግ የሚጠብቀው።»

የእጅ ሰሌዳዋን አወጣችና ከጠያቂው መዝገብ አንድ ነገር ስትፈልግ ቆየች። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው እንቆቅልሽ ሲሰጡት የሚሆነውን።

«ጋሽ ኢዮስያስ፣ በስድስት መቶ አርባ ፕሮግራም ላይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት፣ ‹አይ› ያለ ሰው ስንት ይመስልዎታል?»

«ንገሪኝ።»

«ዜሮ።»

«እነዚያ የቀሩት ሁለት በመቶስ?»

«እነሱ አልተገኙም ነው የሚለው። ቤት አልነበሩም።»

ከደጅ ዛሬ የተከፈተው ፕሮግራም ወንበሮች ሲጎተቱ ይሰማ ነበር።

«ታዲያ የሚያስፈልጋቸው ምንድን ነው?» አለች።

«እኔ አላውቅም። ጠያቂውም አያውቅም።»

«ወርጄ ልጠይቃቸው?»

«ብትጠይቂያቸው አዎ ይሉሻል።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ፣ በደንቡ ላይ ትምህርት ክፍል ራሱ በእጁ ረቂቅ መጻፍ እንደሚችል የሚፈቅድ አንቀጽ እንዳለ አስታወሰችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ፕሮግራሙ የሚመለከተው አካባቢ አንድ ሰው ሴኔት ፊት ቀርቦ መመስከር አለበት።

«ሦስት ቀን አለን» አለች። «ነገ ረቡዕ እንውረድ። እኔ አልጠይቅም፣ ቃል እገባለሁ።»

የዩኒቨርሲቲው መኪና ይዞን ወረደ። ቀጨሞ ሜዳ ስንደርስ አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ጭጋግ ቀርቶ ደመና የለም። የገባንበት ቤት የእማማ ኤልዳና ነው፤ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ከበሩ ትይዩ አንድ በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ በርጩማ አለ። ዶክተር ማዕዶት ልትቀመጥበት ስትል «እሱ የጠያቂው ነው ልጄ» ብለው ወደ መደቡ መሯት።

አምስት ሰዓት ላይ ጠያቂው መጣ። እማማ ኤልዳና ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ «ኖር» አሉ። ጠያቂውም «በእግዜር» አላቸው፤ ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ጤናቸውን ጠየቀ። የልጃቸውን ልጆች በስም በስም ጠየቀ። ከዚያ፣

«ለአህዮቻችሁ የሥነ ልቦና አማካሪ ቢመጣላችሁ ያስፈልጋችኋል?» አለ።

«አዎ፣ ደግ ነው። እግዜር ያቆይልን።»

አመስግኖ ሄደ። እማማ ኤልዳና እስኪርቅ የሚጠብቁ ይመስል ትንሽ ቆመው ተቀመጡ።

ዶክተር ማዕዶት የገባችውን ቃል ረሳች። «እማማ፣ አህያ አለዎት እንዴ?»

«አህያ? ከየት መጥቶ ልጄ። በዚህ አገር የመጨረሻው አህያ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።»

«ታዲያ ለምን አዎ አሉት?»

እማማ ኤልዳና ጥያቄው የገረማቸው መሰሉ። «በየቀኑ ሳይሰለች ይመጣል። ቤቴ ገብቶ አይቀመጥ፣ አይበላ፣ አይጠጣ። የሚወስደው ነገር ቢኖር ያቺን አዎ ነው። እሷን ልከልክለው?»

ማዕዶት ሌላ ጥያቄ ልታስከትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ያዝኋት። ተወችው።

ረቡዕ ስለሆነ ቤቱ ጾም ነው፤ ምሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀርብም። ተቀመጥን። ሰው ጾም እስኪፈታ አብሮ ሲጠብቅ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ወይ ይጸልያል፣ ወይ ያወራል። እኔ የመጀመሪያውን በልቤ አደረግሁ። እማማ ኤልዳና ስለ ልጃቸው አወሩን፣ ስለ ጎረቤታቸው ጉልበት አወሩን። ማዕዶት ስታዳምጥ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይደንሱ ነበር፤ ቆይተው ተዉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ከወደ ማሳው የብረት ድምፅ ተሰማ፤ አንድ ነገር ተንሸራትቶ ሲከፈት። እማማ ኤልዳና ወሬያቸውን አቋርጠው ደጅ ወጡ፤ ተመልሰው ገቡ። ቆይተው እንደገና ወጡ። ሲመለሱ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ይኸው፣ ዛሬም ሄደ።»

ማዕዶት ዞራ ወደ ደጅ አየች።

«ውሃው» አሉ። «ይሄ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋው የቦይ በር ዛሬም ለላይኛው ሰፈር ከፈተ። የእኔን ማሳ በቆሎ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው። ሽንኩርት ካደረግሁት ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሽንኩርት በአምስት ቀን ካልጠጣ ይሞታል፤ እሱ በአሥራ ሁለት ቀን ነው የሚያጠጣኝ። የላይኞቹ ደግሞ ውሃው ተትረፍርፎባቸው የሰብላቸው ሥር ይበሰብሳል። እነሱም ያለቅሳሉ፣ እኔም አለቅሳለሁ።»

«ለማን ነገሩት?» አልሁ።

«ለማን ይነገራል? በር እኮ ነው።»

«ለጠያቂው እንኳ አልነገሩትም?»

«እሱ ስለ ጭጋግ ነዋ የጠየቀኝ።»

ከዚያ ተቀመጡና የውሃ አባት ስለሚባል ሰው ነገሩን፤ በሮቹ ከመተከላቸው በፊት የነበረ። ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ይሄዳል። የማን ማሳ ምን እንደተዘራበት፣ የትኛው እንደጠማው ዓይቶ ያውቃል። የተጣሉ ሰዎች ካሉ ቦዩ ዳር አስቀምጦ ይሰማቸዋል። ተራ ሰው ነው፤ በየሦስት ዓመቱ ይመረጣል።

«ሲሳሳትም ይሰደባል» አሉ።

«ይሰደባል?» አለች ማዕዶት።

«አዎና። ካልተሰደበ በምን ይታረማል? ይሄን በር እኔ ሰድቤዋለሁ። አንድ ጊዜ በዱላም መትቼዋለሁ። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እናመሰግናለን።›»

ማዕዶት እስክታለቅስ ሳቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ በጎመንና በማሽላ ቂጣ ጾማችንን ፈታን። ከዚያ ሌላ አራት ቤት ገብተን ተቀመጥን። አራቱም ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ቶሎም ይሁን ዘግይተው ወሬውን ወደዚያው የውሃ በር አመጡት። አንደኛው ቤት ሁለት ወንድማማች በዚሁ ውሃ ምክንያት ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም፤ በመሃላቸው አጥር አጥረዋል።

ሐሙስ ዕለት ማዕዶት ጻፈች። በእጇ ነው የጻፈችው፤ እኔ ወረቀት አቀብላታለሁ። ርእሱ የመስኖ ውሃ ዳኝነት ነው። አንደኛው ዓመት አፈርና ሰብል፣ ቦይ መሄድ፣ በሮቹን መረዳትና ማረም፣ የሰው ክርክር መስማት። ሦስተኛው ዓመት ከአንድ ሰፈር ጋር መኖር። ከሰዓት በኋላ አነበበችልኝ፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ ስትደርስ ጆሮዬ ቆመ።

«ከማዕከል በምስል መዳኘት፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ሴኔቱ የሚወደው ነው። በሩቁ የሚሠራ ነገር ከሌለበት ሁለተኛውን ገጽ አይገልጡልኝም። ጋሼ፣ ነገ ዓርብ ነው። የማልፈልገውንም እጽፋለሁ።»

«ጻፊ። እኔ ግን የተጻፈውን ነው መልሼ የምናገር።»

«ይናገሩ» አለች ሳታየኝ።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ለምስክርነት የጠራናቸው እማማ ኤልዳና መጡ። ከሃያ ሦስቱ የሴኔት አባላት ጋር አንድ በአንድ ተሳሳሙ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የሴኔቱ ሰብሳቢ ዶክተር ባሮክ ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁጥር የሚወዱ፣ ነገር ሲዝረከረክ የሚጨንቃቸው ሰው ናቸው።

ማዕዶት ረቂቁን አነበበች። ሰብሳቢው እስክትጨርስ በጥሞና ሰሙ።

«ዶክተር ማዕዶት» አሉ፣ «ጠያቂው ያመጣልን ረቂቅ ከጀርባው አራት ሺህ ሰው አለው። የአንቺ አንድ ሰው አለው። ጠላሁት ማለቴ አይደለም። በምን ልመዝነው ነው የምልሽ?» ከዚያ ወደ እማማ ኤልዳና ዞሩ። «እማማ፣ የጭጋግ ውሃ የሚሰበስብ ባለሙያ ቢመጣላችሁ ያስፈልጋችኋል?»

«አዎ፣ ደግ ነው» አሉ እማማ ኤልዳና።

ከኋላ ወንበር የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ይሄ አሁን የተነበበውስ?»

«እሱም ደግ ነው። እግዜር ያክብርልን።»

«ይኸው» አሉ ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው። ድምፃቸው ውስጥ ድል አልነበረም፤ ትንሽ እንዲያውም አዝነዋል። «ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?»

ማዕዶት እንደቆመች ወደ ምስክሯ ዞረች። እማማ ኤልዳና ፈገግ ብለው አዩዋት፤ የረዷት መስሏቸዋል። ቤታቸው ሲኬድ አስተናጋጅ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ እንግዳ ናቸው። እንግዳም ቢሆን የቀረበለትን አይነቅፍም።

የቀረው የእኔ ተራ ነው፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አድማጭ ሴኔቱ ፊትም መልሶ ይናገራል። ሁልጊዜ የምናገረው ለሰብሳቢው ነው። ያን ቀን በልቤ አማትቤ ተነሣሁና ወደ እማማ ኤልዳና ዞርሁ።

«እማማ፣ የሰማሁትን ለእርስዎ ልንገርዎት። የተሳሳትሁት ካለ ያርሙኝ።»

«በል እሺ።»

«አንድ ልጅ ይመጣል። የውሃ አባት ሊሆን ነው። አንደኛ ዓመት ቦዩን በእግሩ ይሄዳል። ሽንኩርቱን ከበቆሎው ይለያል። በሩ ሲሳሳት ማረም ይማራል። የተጣላ ሲመጣ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ይሰማል።»

ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በየዓረፍተ ነገሩ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ፣ እንደ አገሩ።

«ሁለተኛ ዓመት ልጁ ወደ ከተማ ይመለሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። የእርስዎን ቦይ በምስል ያያል። ውሃው ለላይኛው ሰፈር ሲሄድ ካየ፣ እዚያው እንደተቀመጠ ይፈርዳል። ፍርዱ ለበሩ ይደርሰዋል።»

ራሳቸውን መነቅነቅ አቆሙ።

«ደግመህ በለው እስቲ» አሉ።

ደገምሁት።

«አይ» አሉ እማማ ኤልዳና። «እንዲህስ አይደለም።»

«ተሳስቻለሁ?» አልኋቸው።

«አንተ ምን አደረግህ፤ የጻፈው ሰው ነው የተሳሳተው። የውሃ አባት ከተማ ተቀምጦ ምን ያያል? እሺ ውሃውን ያይ። የእኔን ፊት ያያል? ወንድማማቾቹ ተያይዘው ሲመጡ በማን መሃል ይገባል? ስሰድበው ማን ይሰማል? ይሄማ ሌላ በር ነው። ሌላ በር አልፈልግም፤ አለኝ።»

ሰው የቀረበለትን አይመልስም። የገዛ ነገሩን ሌላው አበላሽቶ ሲያወራበት ግን እንግድነቱን ይረሳል። ይህን በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ገባኝ።

ማዕዶት ረቂቋን ከፈተች። ሁለተኛው ዓመት የተጻፈበትን አራት ገጽ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሠረዘችው። «የጻፍሁት እኔ ነኝ እማማ» አለች። «በምትኩ ምን ይሁን?»

«እዚያው ቦዩ ዳር ይክረም። ክረምትና በጋ ሳያይ ምን ያውቃል?»

ሰብሳቢው ለጸሐፊዋ ምልክት ሰጡ። «በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ምስክሯ ሁለተኛውን ዓመት አይ ብለዋል።»

«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም ዶክተር» አለች ጸሐፊዋ። «‹አዎ› እና ‹አልተገኙም› ነው ያለው።»

«ከጎኑ ጻፊው።»

ጻፈችው። ዶክተር ባሮክ ከጎኑ የተጻፈውን አንገታቸውን አስግገው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰብሳቢ ሳይሆን ሰው እንደሚጠይቅ፣ «ጭጋጉስ እማማ?» አሉ።

እማማ ኤልዳና የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ያዙ። አፈሩ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ጭጋግ እኛ ዘንድ አይመጣም። ሰውየውን ላለማስቀየም ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከግራ በኩል አንዲት የእርሻ መምህርት ባለፈው ዓርብ ያጸደቀችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ከጎኗ ያለው ሰውም እንዲሁ አደረገ።

ድምፅ ተሰጠ። ከሃያ ሦስቱ አሥራ ስድስቱ እጃቸውን አወጡ። የጭጋጉ ረቂቅ እንዲመለስ፣ የውሃ ዳኝነቱ ሁለተኛ ዓመት በአርባ ቀን ውስጥ መምህራኑ ቀጨሞ ሜዳ ላይ ተቀምጠው እንዲጽፉት፣ እስከዚያ ትምህርት ክፍሉ እንዳይዘጋ ተወሰነ። ማዕዶት የውሳኔውን ቃል ስትሰማ አሥራ አንዱን መምህራን በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ስትቆጥራቸው አየኋት፤ አንድም እንዳልጎደለ ለማረጋገጥ ይመስል። ቀጥላ ከቦርሳዋ አዲስ ወረቀት አወጣች።

ስድስት ሰዓት አልፏል። አባላቱ ለምሳ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ ወንበር መንኳኳት ተሰማ። ዶክተር ባሮክ ግን አልተነሡም።

«እማማ» አሉ፣ «ሌላስ የተሳሳትነው ነገር አለ?»

እማማ ኤልዳና ወደ ማዕዶት አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ቆሞ የነበረውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩ።

«አላስቸግራችሁም?»

«አያስቸግሩንም።»

ቆመው የነበሩት እየተያዩ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት አራት ሆነው ተመልሰው ተቀመጡ። እማማ ኤልዳና ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን አሳረፉ።

«እንግዲህ ጊዜ ካላችሁ» አሉ፣ «ከላይኛው ቦይ ልጀምር።»